ታሊሊን፦ ያለ ደሞዝ የሚሰሩ ሰዎች የሚያስኬዱት የእንፋሎት ባቡር፣ ከነልጆቼ ሄጄ ያየሁት

ከ5 ኮከብ 4 ተኩል ሰጥቼዋለሁ፣ ግማሿን ለምን እንደቀነስኩ በኋላ እነግራችኋለሁ፣ የባቡሩ ጥፋት ግን አይደለም።

እውነቱን ልናገርና ወደዚህ ባቡር የሄድኩት ፊቴን አጨፍግጌ ነው። ካቻምና ሌላ ቦታ ወዳለች አንዲት የድሮ ባቡር (ስሟን አልጠራም፣ የሰዎቹ ልፋት አለበት) ልጆቹን ይዤ ሄጄ ጉድ ሆኛለሁ። የእንፋሎት ባቡር ነው ተብለን ከፍለን፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ነድተን ስንደርስ ሞተሩ ተበላሽቷል ብለው በናፍጣ የሚሄድ እንደ ትራክተር የሚያጓራ ነገር ቀጠሉልን፣ ትንሹ ልጄ «አባዬ ጭሱስ?» እያለ እስከ ማታ ሲነጫነጭ ዋለ። መበላሸቱ አይደለም እኮ ያናደደኝ፣ የመቶ አመት ማሽን ቢበላሽ ምን ይገርማል፣ ግን ጠዋት ዌብሳይታቸው ላይ አንድ መስመር ቢጽፉ ምን ነበረበት? ስለዚህ ባለቤቴ «ዌልስ ውስጥ አንድ የታወቀ አለ፣ ልጆቹን እንውሰዳቸው» ስትለኝ መልሴ «ደሞ ሌላ ትራክተር ልናይ» ነበር።

ታሊሊን ነው ስሙ፣ ማለት እኔ እንደዛ ነው የምለው፣ ዌልሾቹ ሲጠሩት ግን መሃሉ ላይ ምላስ ከጥርስ ተጣብቆ በጎን አየር የሚያስወጣ ድምጽ አለ፣ ሞክሬው ምራቅ ብቻ ነው የወጣኝ። ያለው ታዊን የምትባል ትንሽ የባህር ዳር ከተማ ነው፣ ከዛ ተነስቶ ሸለቆ ሸለቆውን ይዞ ወደ ተራራው 12 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ይወጣል። ሀዲዱ ጠባብ ነው፣ በሁለቱ ብረቶች መሃል ያለው ስፋት 68 ሳንቲ ሜትር ተኩል ገደማ ነው፣ የመደበኛው ባቡር ግማሽ እንኳን አይሞላም። መጀመሪያ ስታዩት የልጆች መጫወቻ ነው የሚመስላችሁ።

ስንደርስ ከመነሻው አንድ ሰዓት ገደማ ይቀር ነበር፣ ዝናቡ ደሞ የሚዘንብ ሳይሆን አየር ላይ የተንጠለጠለ አይነት ነው፣ ዣንጥላ ምንም አይፈይድለትም። ባለቤቴ ሙዚየም ውስጥ እንጠለል አለች (ጣቢያው ላይ የጠባብ ሀዲድ ባቡሮች ሙዚየም አለ፣ ግቡ፣ ጥሩ ነው) ልጆቹ ግን ሞተሯን (ባቡሩን የምትጎትተውን ማለቴ ነው) አንዴ አይተዋታል፣ የት ይንቀሳቀሳሉ። ከሚኒባስ ብዙ የማትበልጥ ነገር ናት፣ ግን ቆማ እንኳን ዝም አትልም፣ ትተነፍሳለች፣ የሆነ ቦታዋ ጠብ ጠብ ይላል፣ የሆነ ቦታዋ ሲስስስ ይላል።

እና ከስሯ ሁለት እግር ወጥቶ አየን።

ሰባውን ያለፉ የሚመስሉ ቱታ የለበሱ ሽማግሌ ናቸው። አፉ እንደ ወፍ መንቁር የረዘመ የዘይት ጣሳ ይዘው ግማሽ አካላቸውን ወደ ሞተሯ ሆድ አስገብተዋል። ወጡና አጠገባችን ያለውን ጎማ (ጎማ ልበለው እንጂ ብረት ነው) የሚያሽከረክረውን ዘንግ መስራት ጀመሩ፣ እንዴት መሰላችሁ፣ ዘንጉ ላይ ከነሐስ የተሰራች ትንሽዬ ኩባያ ነገር አለች፣ አፏ ላይ የተወተፈ ቡሽ አለ፣ ልክ የጠርሙስ ቡሽ፣ እሱን በሁለት ጣት ይነቅላሉ፣ ዘይቱን ያንቆረቁራሉ፣ ጎንበስ ብለው መሙላቱን ያያሉ፣ ቡሹን መልሰው ይወትፋሉ፣ በጨርቅ ዙሪያውን ይጠርጋሉ፣ ከዛ ወደ ሚቀጥለው። አይቸኩሉም። ትልቋ ልጄ 14 ድረስ ቆጠረችና ተወችው። «አንዱን ቢረሱትስ?» ብላ ጠየቀቻቸው፣ ልጅ ናትና። ቀና ብለው አይዋትና «አንዱን ከረሳሁ እዛ መንገድ መሃል ላይ ብረቱ ግሎ ባቡሩ ይቆማል፣ ከዛ እዚህ ያሉት ሰዎች የኔን ስም ለሃያ አመት ሲያነሱት ይኖራሉ» አሏት።

ሰውየው ጥርስ ሐኪም ነበሩ፣ ጡረታ ወጥተዋል። ቤታቸው ከዚህ የሦስት ሰዓት መንገድ ነው፣ በየተወሰነ ጊዜ እየመጡ አንድ ሳምንት ይሰራሉ። ያን ቀን ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነስተው ነው እሳቱን ያቀጣጠሉት፣ ምክንያቱም እንደ መኪና ቁልፍ አዙሮ ማስነሳት የለም፣ ውሃው እስኪፈላና እንፋሎቱ ጉልበት እስኪያገኝ ሰዓታት ይፈጃል፣ አጣድፈው ቢያነዱት ደሞ አንዱ ጎን ቶሎ ሞቆ ሲለጠጥ ሌላው ቀዝቅዞ ስለሚቀር ብረቱ ይጎዳል። ባለቤቴ አላስቻላትም፣ «ይቅርታ ያድርጉልኝና ደሞዙ እንዴት ነው?» ስትላቸው «ደሞዙንማ የምከፍለው እኔ ነኝ» ብለው ሳቁ፣ ባቡሩን የሚያስኬደው የበጎ ፈቃደኞች ማህበር አባል ስለሆኑ የሚከፍሉትን መዋጮ ማለታቸው ነው። እኔ አንገቴን ደፋሁ፣ ምክንያቱም እዚህ እስክደርስ ሳማርር ነው የመጣሁት።

ሌላው ያላሰብኩት፣ ሾፌር ለመሆን አስራ አንድ አመት እንደፈጀባቸው ነገሩኝ። ለካ የሚጀመረው ጨርቅ ይዞ ጥላሸት በመጥረግ ነው፣ ከዛ ቀስ በቀስ ከሰል ወደ መጨመር፣ ፈተና አለ፣ ደንብ አለ፣ ከፈታኝ ጋር መሄድ አለ፣ ከዛ በኋላ ነው መሪው (መሪ እንኳን የለውም፣ እጀታው) የሚሰጣችሁ። በነጻ የሚሰራ ሰው እንዲህ ይፈተናል ብዬ አስቤ አላውቅም። እኛ ጋ በነጻ የሚሰራ ሰው ቢያረፍድ «ኧረ መምጣቱም አንድ ነገር ነው» ነው የሚባለው አይደል፣ እዚህ ግን ጉዳዩ የፈላ ውሃና ከኋላ የተቀመጠ ህዝብ ስለሆነ ቀልድ የለም።

አሁን ትንሽ ወደ ታሪኩ ልውሰዳችሁ፣ ካላወቃችሁት ጉዞው ግማሽ ነው (አመተ ምህረቱ በሙሉ በነሱ አቆጣጠር ነው)። ነገሩ የተጀመረው ለሰው ሳይሆን ለድንጋይ ነው። ተራራው ላይ ብሪን ኤግሉዊስ የሚባል የስሌት ካባ (ድንጋይ የሚፈለጥበት ቦታ) ነበር፣ ስሌት ስላችሁ የሂሳቡ አይደለም፣ እንደ መጽሐፍ ገጽ በስሱ እየተሰነጠቀ ለቤት ጣራ የሚሆን ግራጫ ድንጋይ ነው፣ ያንን ድንጋይ ወደ ታች ለማውረድ በ1865 ባቡሩን ዘረጉት። የተሳፈርንበት ጣቢያ ዋርፍ የሚባለውም ድሮ ድንጋዩ ከትንሹ ባቡር ወርዶ ወደ ትልቁ የሚዛወርበት ስለነበረ ነው። በ1911 ካባውንም ባቡሩንም የአካባቢው የፓርላማ አባል ሄንሪ ሄይደን ጆንስ ገዙት፣ እኚህ ሰውዬ በህይወት እስካለሁ ባቡሩ አይቆምም ብለው ቃል ገብተው ነበር፣ እና ካባው በ1946 ከገና ማግስት ተደርምሶ ሲዘጋ፣ የሚጫን ድንጋይ ሳይኖር፣ ትርፍ ሳይኖር፣ ባቡሩን ማስኬዳቸውን ቀጠሉ። መንግስት በ1948 የሀገሪቱን ባቡሮች ሁሉ ሲወርስ እንኳን ይቺን አልወሰዳትም። ሰውየው ሐምሌ 1950 ላይ አረፉ። ቃሉም አብሮ አለቀ ማለት ነው።

ሀዲዱ በዛን ጊዜ በሳር ተውጦ ነበር፣ እንደውም ሀዲዱን አጥብቆ የያዘው ሳሩ ነው እየተባለ ይቀለድ ነበር። እዚህ ጋ ነው ቶም ሮልት የሚባል ኢንጂነርና ጸሐፊ የገባው። ጥቅምት 1950 በርሚንግሃም ከተማ አንድ ሆቴል ውስጥ ስብሰባ ጠሩ፣ ማህበር አቋቋሙ፣ የሟቹ ባለቤት ደሞ የኩባንያውን አክሲዮን ለማስተላለፍ ፈቀዱላቸው፣ እና ግንቦት 14 ቀን 1951 የመጀመሪያው የበጎ ፈቃደኞች ባቡር ተነሳ። በአለም ላይ ሊዘጋ የነበረ ባቡር በበጎ ፈቃደኞች ሲተርፍ ይሄ የመጀመሪያው ነው። አሁን እንግሊዝና ዌልስ ውስጥ ከመቶ በላይ እንዲህ አይነት ባቡር አለ፣ እነ ፌስቲኒዮግ፣ እነ ብሉቤል በሙሉ ከዚህ በኋላ የመጡ ናቸው፣ ያኔ ግን ሰው የባቡር ሞተር እንደ ትርፍ ጊዜ ስራ ይነዳል ሲባል እብደት ነበር።

ሮልት የመጀመሪያው ስራ አስኪያጅ ሆኖ ሲገባ የሚንቀሳቀስ ሞተር አንድ ነበረው፣ ዶልጎህ የምትባል በ1866 የተሰራች። አንድ። የሰማንያ ምናምን አመት አሮጊት ያንን አመት ብቻዋን ማለት ይቻላል ተሸክማው ነው የከረመችው፣ እሷ ብትሞት ማህበሩም ይሞት ነበር። ታዲያ እኛን የጎተተችን ሞተር ከዛ ችግር ጋር የተያያዘ ታሪክ አላት፣ ቁጥር 4 ናት፣ ኤድዋርድ ቶማስ ትባላለች። ጎረቤት ሸለቆ ውስጥ ኮሪስ የሚባል ሌላ ባቡር ነበር፣ የሀዲዱ ስፋት በአጋጣሚ ከዚህኛው ጋር እኩል፣ እሱ በ1948 ተዘግቶ ሁለት ሞተሮች ቆመው ነበር፣ እና እነ ሮልት ሄደው ሁለቱንም ገዟቸው፣ ዋጋው አንዷ 25 ፓውንድ። አዎ 25፣ ዜሮ አልረሳሁም። የኛዋን፣ ቁጥር 4ን፣ ሊድስ የነበረው የሀንስሌት የባቡር ሞተር ፋብሪካ በነጻ ጠገነላቸው። ሌላኛዋ፣ ቁጥር 3፣ ግን አበሳ አሳየቻቸው፣ የታሊሊን ሀዲድ ከልኩ ትንሽ ሰፋ ያለ ስለነበረና የሷ ጎማ ጠበብ ያለ ስለሆነ እየሄደች በሁለቱ ብረቶች መሃል ጥልቅ ትል ነበር! በኋላ ግን እሷም ሰርታለች፣ ሰር ሄይደን ብለው በድሮው የባቡሩ ባለቤት ስም ሰይመዋታል።

ይሄን ሁሉ የነገረን የባቡሩ ጋርድ ነው፣ ጋርድ ሲባል ዘበኛ እንዳይመስላችሁ፣ የባቡሩ አለቃ በሉት፣ በሩን የሚዘጋው፣ ባንዲራ የሚያውለበልበው፣ ፊሽካ የሚነፋው፣ ከኋላ ፍሬን የሚይዘው እሱ ነው። ወጣት ልጅ ነው፣ ዩኒቨርሲቲ ይማራል፣ ክረምቱን እዚህ ያሳልፋል። ትንሹ ልጄ ወደ ፉርጎው ሊወጣ ሲል በተሳሳተው በኩል ዞሮ በር ሲፈልግ አየውና «እዛ ጋ በር የለም ጌታዬ» አለው፣ እውነትም የለም። በአንድ ጎን ብቻ ነው በር ያለው። ለምን? በ1866 መስመሩን ሊመረምር የመጣው የመንግስት ኢንስፔክተር ሲለካ ከላይ የሚያልፉት ድልድዮች በጣም ጠበው አገኛቸው፣ በፉርጎውና በግንቡ መሃል በሁለቱም በኩል 57 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው የቀረው፣ በር ተከፍቶ ሰው ቢወርድ ተጨፍልቆ ይቀራል። ድልድይ ማፍረስ ደሞ ገንዘብ ነው። ስለዚህ ምን አደረጉ፣ የአንዱን ጎን በሮች ለዘላለም ዘጉና ሀዲዱን ከድልድዩ ስር ወደ አንድ ጎን ገፋ አደረጉት፣ በአንድ በኩል ሰው የሚያልፍበት ቦታ ተገኘ፣ በሌላኛው በኩል በር የለም፣ ችግሩ ተፈታ። ባቡሩ ድልድይ ስር ሲገባ ልብ ብላችሁ እዩት፣ በአንዱ ጎን ግንቡ አፍንጫችሁ ስር ነው በሌላው ሰፊ ነው። እኔ ከጉዞው ሁሉ በጣም የወደድኩት ይሄን ነው፣ የዛሬ 160 አመት የተሰራች ስህተትና ብልሃት እስከዛሬ ልጄን «በር የለም» ታስብላለች።

የመጀመሪያዎቹ ፉርጎዎች፣ በ1860ዎቹ የመጡት፣ አንድም ሳይቀር ዛሬም አሉ፣ ይሰራሉም፣ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሞተሮችም እንደዛው። በእርግጥ ምናቸው ኦሪጅናል ነው ብትሉ ያከራክራል፣ ቦይለሩ (ውሃው የሚፈላበት ጋን) ተቀይሯል፣ እንጨቱ ተቀይሯል፣ ብረቱ ተበይዷል፣ ጋርዱን ስጠይቀው «ስራው ኦሪጅናል ነው» ብሎ አለፈው፣ ብልጥ ልጅ ነው።

ጉዞው አንድ ሰዓት ገደማ ነው ሽቅብ። ከከተማው ጓሮ ለጓሮ ይወጣል፣ ፔንድሬ የሚባለው ጣቢያ ላይ ጋራዡና መጠገኛው አለ፣ በመስኮት የተፈታታ ሞተር ታያላችሁ፣ ከዛ ሜዳው ያልቅና በጎች፣ በጎች፣ በጎች፣ ከዛ ጫካ። አንዳንድ ቦታ ቅርንጫፉ ፉርጎውን ይዳስሰዋል። ትንሿ ሞተር ዳገቱ ሲከብዳት ድምጿ ይቀየራል፣ መጀመሪያ ቶሎ ቶሎ ታወራለች፣ ኋላ እያንዳንዷን ቃል አስባ ትናገራለች፣ ልጄ «ደከማት» አለ። አቤት ሽታው ደግሞ፣ የከሰል ጭስ፣ የጋለ ዘይት፣ የረጠበ ሳር፣ አንድ ላይ። ዶልጎህ ጋ (ሞተሯ ሳትሆን ቦታው) በጡብ የተሰራ ባለ ሶስት ቅስት ድልድይ አለ፣ 16 ሜትር ያህል ወደ ታች፣ ጣቢያው ላይ ሞተሯ ውሃ ትጠጣለች፣ ጊዜ ካላችሁ እዚህ ውረዱና ፏፏቴውን አይታችሁ በሚቀጥለው ባቡር ቀጥሉ፣ በእግር ጥቂት ደቂቃ ነው፣ እኛ በዝናቡ ምክንያት አልወረድንም፣ እስካሁን ይቆጨኛል።

ልጆች ካሏችሁ አንድ ነገር አሳዩአቸው። መስመሩ ነጠላ ስለሆነ ወጪና ወራጅ እንዳይጋጭ ሾፌሩ ለያንዳንዱ ክፍል ቶከን የሚሉት ብረት በእጁ ከሌለ መሄድ አይችልም፣ ለአንዱ የመንገድ ክፍል አንድ ቶከን ብቻ ነው የሚወጣው፣ ሁለት ባቡር አንድ ቶከን ሊይዝ አይችልም፣ በቃ። መሃል መንገድ ላይ ከአንዲት ቤት አንድ ሰው ዝናብ ልብስ ለብሶ ይወጣል፣ ያለፈውን ክፍል ቶከን ይቀበላል የቀጣዩን ይሰጣል፣ እጅ ያውለበልባል፣ ይገባል። ያ ሰውዬ ቀኑን ሙሉ እዛች ቤት ውስጥ ከበጎች ጋር ብቻውን ነው፣ በነጻ። ባለቤቴ «ሚስቱ የት ሄደ ትለው ይሆን» አለች፣ ጋርዱ ሰምቶ (ማለት እኔ ተርጉሜለት) «ሚስቱ ጣቢያው ላይ ቲኬት ትሸጣለች» አለን።

የመጨረሻው ጣቢያ ናንት ጉዌርኖል ነው፣ መኪና የሚደርስበት መንገድ የለውም፣ በባቡር ወይ በእግር ብቻ። ድሮ ሰው የሚጫነው አበርገኖልዊን የሚባለው ጣቢያ ድረስ ነበር፣ ከዛ በላይ የነበረው የድንጋይ መስመር ነው፣ በጎ ፈቃደኞቹ ራሳቸው ቆፍረው ደልድለው በ1976 ለመንገደኛ ከፈቱት። ሞተሯ እዛ ተፈትታ በጎን ዞራ በሌላው ጫፍ ትታሰራለች፣ ሽማግሌው ጥርስ ሐኪም ወርደው ሲያስሩ ትንሹ ልጄ ዝናብ ውስጥ ቆሞ አልንቀሳቀስም አለን።

አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። አባቴ ድሬዳዋ ነው ያደገው። ‹ፉርጎ› የሚለውን ቃል የማውቀው ከሱ ነው፣ ፈረንሳይኛ መሆኑን እንኳን በቅርብ ነው የሰማሁት፣ ለገሃርም እኮ ‹ላ ጋር› ነው፣ ጣቢያው ማለት። የኛ ባቡር በ1902 ድሬዳዋ ደረሰ፣ በ1917 አዲስ አበባ፣ ይቺ የዌልስ ባቡር 12 ኪሎ ሜትር ናት የኛው ወደ 780 ነበር። አባቴ ስለ ባቡሩ ሲያወራ ስለ ፍጥነቱ አውርቶ አያውቅም፣ ስለ ሰዎቹ ነው የሚያወራው፣ ማን ፊሽካ እንዴት እንደሚነፋ። ኤርትራ ውስጥም የምጽዋ አስመራውን መስመር በ90ዎቹ መልሰው ሲሰሩት ጡረታ የወጡ የባቡር ሰራተኞች ናቸው ተጠርተው የመጡት፣ የማሽኑ እውቀት እነሱ ጭንቅላት ውስጥ ስለነበረ። እዛ ዌልስ ውስጥ ቆሜ ስለ ድሬዳዋ ማሰቤ ለራሴም ገርሞኛል፣ አባቴን ደውዬ የሞተሯን ድምጽ አሰማሁት፣ ዝም ብሎ አዳመጠና «ዘይት ጥሩ ተቀብታለች» አለ።

ወደ ቁምነገሩ፣ ገንዘቡ ያዋጣል ወይ ለምትሉ። ቲኬቱ በኪሎ ሜትር ካሰላችሁት ከመደበኛ ባቡር ይወደዳል፣ ግን በኪሎ ሜትር አታስሉት። ሰዎቹ ደሞዝ ባይወስዱም (ጥቂት ተቀጣሪዎች አሉ) ብረቱ ይወስዳል። እዚህ ሀገር የእንፋሎት ሞተር ብዙውን ጊዜ በየ10 አመቱ ተፈታትቶ ቦይለሩ ውስጥ ድረስ ይመረመራል፣ ይሄ በመቶ ሺዎች ፓውንድ ሊደርስ የሚችል ስራ ነው፣ 25 ፓውንድ የተገዛች ሞተር! ከሰሉም ሌላ ራስ ምታት ነው፣ ለነዚህ ባቡሮች የሚሆን ከሰል ያወጣ የነበረ አንድ ትልቅ የዌልስ ማዕድን በ2023 ስለተዘጋ ከውጭ የሚያስገቡ ብዙ ናቸው። ድንጋይ ከሰል በምትታወቀው ዌልስ ከሰል በመርከብ ይመጣል፣ ወይ ጉድ። እና የናንተ ቲኬት ወደዛ ነው የሚሄደው፣ እኔ ይሄን ካወቅኩ በኋላ ባቡር ላይ አልተቀመጥኩም፣ ጋራዥ ውስጥ የተቀመጥኩ ነው የመሰለኝ። የስሌቱ አካባቢ ከነባቡሩ በ2021 የዩኔስኮ ቅርስ ሆኗል፣ ግን ዩኔስኮ ከሰል አይገዛም።

ለማን አይሆንም? ለቸኮለ ሰው አይሆንም። ጀርባ ለሚያመው ሰው ትራስ ይያዝ፣ የድሮ ፉርጎ የድሮ ወንበር ነው። ሁልጊዜ አይሰራም፣ በብርዱ ወራት ብዙም የለም፣ ሳትሄዱ የቀኑን ፕሮግራም ዌብሳይቱ ላይ እዩ፣ ኦንላይን ቡክ ማድረግ ይሻላል በተለይ የትምህርት ቤት እረፍት ላይ። ከመነሻው አንድ ሰዓት ቀድማችሁ ድረሱ፣ በደንብ ነው የምለው፣ ዘይት የሚቀባውን ሰው ሳታዩ ከተሳፈራችሁ ዋናው አምልጧችኋል። እና ጠይቋቸው፣ አትፈሩ፣ እዛ ያለ ሰው ሁሉ ሊነግራችሁ ነው የሚጠብቀው፣ እንደውም አንዳንዱን ማስቆም ነው የሚያስቸግረው፣ አንዱ ስለ ብሎን ሃያ ደቂቃ አውርቶኛል (ዝናብ ላይ)። ስንመለስ ሽማግሌው አሁንም አልጨረሱም ነበር፣ እሳቱን ማጥፋት፣ አመዱን ማውጣት፣ ሞተሯን ማሳደር፣ እኛ ወደ መኪናችን ስንሮጥ እሳቸው አካፋ ሲያነሱ ነበር።

ግማሽ ኮከቧን የቀነስኩት በዝናቡ ነው፣ ማን ላይ እንደምከስ ስላጣሁ።

ኧረ አንድ ነገር ረስቼ፣ ነጭ ልብስ እንዳትለብሱ። ባለቤቴ ነጠላዋን አንገቷ ላይ ጣል አድርጋ ከመስኮት ጎንበስ ብላ ድልድዩን ስታይ ከሞተሯ የመጣች ፍንጣሪ ጫፉን በስታዋለች፣ የምስር ፍሬ የምታክል ቀዳዳ፣ ሶስቴ ታጥቦም ዙሪያዋ ጥቁር ነው፣ «ማን ነው እንሂድ ያለው» ብላት «እኔ ነኝ» አለችኝ፣ ልክ ናት።